ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን ማወዳደርና ማጠብ፦ ለደጋ ፀሐይ የሚሆን መመሪያ

የሁለት ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን ልዩነት ለይቶ ለማወቅ ሁለቱም በአንድ ብርሃን መነሣት፣ በአንድ ዓይነት ዴቨሎፐር (በፊልሙ ላይ የተቀረጸውን ምስል በሚያወጣው ኬሚካል) እና በአንድ የሙቀት መጠን መታጠብ አለባቸው። ይህ ካልተሟላ የሚወዳደረው ፊልሙ ሳይሆን የአጣቢው ልማድ ይሆናል። አንድ ፊልም ዲ-76 በተባለው ዴቨሎፐር ታጥቦ የሚሰጠው መልክ ሮዲናል በተባለው ታጥቦ ከሚሰጠው መልክ በእጅጉ ይለያል፤ ልዩነቱም አብዛኛውን ጊዜ ኤችፒ5 ፕላስና ትራይ-ኤክስ በተባሉት ሁለት ፊልሞች መካከል ካለው ልዩነት ይሰፋል። በዚህ ጽሑፍ ፊልሙንና ማጠቢያውን ነጣጥዬ የማላየው ለዚህ ነው። የማቀርበው ሐሳብም አንድ ነው፦ በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ፀሐይ ላይ ለሚያነሣ ሰው፣ ፊልሙ የትኛውም ይሁን፣ በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው የበለጠ ብርሃን መስጠትና በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ካለው ላነሰ ጊዜ ማጠብ ይበጃል።

የፊልሞቹ ጠባይ

በገበያ ላይ ያሉት ፊልሞች በብር ክሪስታላቸው ቅርጽ በሁለት ቤተሰብ ይከፈላሉ። በቆየው ቤተሰብ ውስጥ የኮዳክ ትራይ-ኤክስ፣ የኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስና ኤፍፒ4 ፕላስ፣ የቼክ ሪፐብሊኩ ፎማፓን 100 እና 400፣ እንዲሁም የኢልፎርድን ፊልሞች የሚያመርተው የእንግሊዙ ሃርማን ቴክኖሎጂ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ኬንትሜር ይገኛሉ። የእነዚህ ክሪስታሎች መጠናቸውም ቅርጻቸውም የተለያየ በመሆኑ አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ለብርሃን ይመልሳል፤ ፊልሞቹ በብርሃን ልክ ላይ የሚፈጸመውን ስሕተት የሚሸከሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለተኛው ቤተሰብ ውስጥ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ቲ-ማክስና የኢልፎርድ ዴልታ አሉ። የእነዚህ ክሪስታል ጠፍጣፋ ስለሆነ በትንሽ ብር ብዙ ብርሃን ይቀበላል፤ በመሆኑም የቲ-ማክስ 400 ቅንጣት (በፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚታየው የብር ፍሬ) ከትራይ-ኤክስ 400 ቅንጣት በግልጽ የረቀቀ ነው። ይህ ጥቅም ግን በነጻ አይገኝም፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲዛነፍ ወይም ፊልሙ የሚታጠብበት ታንክ ከሚገባው በላይ ሲገለባበጥ የቲ-ማክስ ኮንትራስት (በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት) ወዲያውኑ ያድጋል። ፊክሰር (ብርሃን ያልነካውን ብር አሟሙቶ የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥም ከሌሎቹ የበለጠ መቆየት አለበት፤ ካልቆየ ሐምራዊ ቅላት ይዞ ይወጣል።

ትራይ-ኤክስ በ35 ሚሊ ሜትር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ዋና ፊልም ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣው ኤችፒ5 ፕላስ ጋር ሲወዳደር መካከለኛዎቹን ግራጫዎች ይበልጥ አራርቆ ያሳያል፤ ፊት ላይ ጉንጭና ግንባር ተለያይተው ይታያሉ። ኤችፒ5 ፕላስ ለስለስ ያለ ነው። ደመናማ በሆነ የክረምት ቀን የተነሣ ኤችፒ5 ፕላስ ፈዛዛ ይመስላልና ብዙዎች ይነቅፉታል፤ ይኸው ልስላሴ ግን በጥር ወር እኩለ ቀን ላይ ትልቅ ጥቅም ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ለበጋ ኤችፒ5 ፕላስን፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ትራይ-ኤክስን እመርጣለሁ።

ኤፍፒ4 ፕላስ አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ፈጣንነት መለኪያ) 125 ነው። እንደ ዜኒት-ኢ ያለ ከፍተኛው የሸተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነቱ 1/500 ሰከንድ የሆነ አሮጌ ካሜራ ያለው ሰው በጠራራ ፀሐይ 400 ፊልም ቢጭን የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 ለማጥበብ ይገደዳል፤ በኤፍፒ4 ፕላስ ግን ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 8 አስፍቶ በ1/500 ሊሠራ ይችላል። አይኤስኦ 50 የሆነው ፓን ኤፍ ፕላስ ቅንጣቱ እጅግ የረቀቀ ቢሆንም በተፈጥሮው ኮንትራስቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ለእኛ እኩለ ቀን አልመክረውም። የፎማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በህራዴትስ ክራሎቬ ከተማ የሚሠራ ሲሆን ፊልሞቹ በዋጋ ርካሽ ናቸው፤ ፎማፓን 400 ግን የስሙን ያህል ፈጣን ስላልሆነ በ200 ወይም በ250 ቢነሣ ይሻላል። ሌላው የፎማ ድክመት ረጅም ጊዜ በሚወስድ ፎቶ ላይ ይታያል። የብርሃን መለኪያው 10 ሰከንድ ሲል ኤችፒ5 ፕላስ 20 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ ፎማፓን 100 ግን 80 ሰከንድ ይፈልጋል። በጧፍ ብርሃን የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕል ለማንሣት ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ለሚተክል ሰው ይህ ልዩነት ከዋጋው ልዩነት ይበልጣል።

ኤክስፒ2 ሱፐር የተባለው የኢልፎርድ ፊልም ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የተሠራው ሲ-41 በሚባለው የቀለም ፊልም ኬሚካል እንዲታጠብ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀል ሳጥኑ በጥንቃቄ ይነበብ።

ፊልም ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሻንጣ ስለሆነ ስለ አየር ማረፊያም አንድ ነገር መባል አለበት። ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ፊልም አይቀመጥም። በእጅ ሻንጣም ቢሆን አሁን በብዙ አየር ማረፊያዎች የገቡት ሲቲ የሚባሉት መፈተሻዎች ፊልምን በአንድ ጊዜ ማለፍ እንኳ ሊያጨልሙት ይችላሉ። ፊልሙን ከካርቶኑ አውጥቶ በሚያሳይ ላስቲክ ከረጢት መያዝና በእጅ እንዲፈተሽ በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብርሃኑን መለካት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፀሐይ ያረፈበት ቦታ እጅግ ይበራል፣ ጥላውም በዚያው መጠን ይጠቁራል። ነጠላ የለበሰች ሴት ከቀትር በፊት በአጥር ጥግ ቆማ ትነሣ እንበል። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ጥጥና በነጠላው ጥላ ውስጥ ያለው ጠይም ፊት ያላቸው የብርሃን ርቀት ሰፊ ነው። ካሜራው ውስጥ ያለው መለኪያ ነጩን ጨርቅ አይቶ ሸተሩን ያፈጥናል፤ ውጤቱም የጥለቱ ክር አንድ በአንድ የሚቆጠርበት፣ ፊቱ ግን ዓይንና ቅንድብ የማይለይበት ነጌቲቭ ነው። በጥላ ውስጥ ብርሃን ያላገኘን ፊልም ማንኛውም ዴቨሎፐር ሊያድነው አይችልም፤ ያልተመታ ክሪስታል ወደ ብርነት የሚለወጥበት መንገድ የለምና።

ስለዚህ መለኪያውን ወደ ፊቱ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ተጠግቶ በጠይም ወይም በጥቁር ፊት ላይ የተወሰደ ልኬት ፊቱን ከእውነተኛ መልኩ አንድ ስቶፕ (የብርሃኑን እጥፍ) ያህል አንጥቶ ያወጣዋል፤ በነጌቲቭ ላይ ግን ይህ ጉዳት የለውም፣ በማተሚያ ጊዜ ይስተካከላል። ፊት ለፊት መጠጋት በማይቻልበት ቦታ ቀላሉ ዘዴ የ400ውን ፊልም በመለኪያው ላይ 200 ብሎ መሙላት ነው። በዚህ መንገድ ጥላው የሚፈልገውን ብርሃን ያገኛል፤ ነጠላው ግን ከልክ በላይ ይበራል። ከልክ ያለፈውን ብርሃን የምንገታው በማጠቢያው ጊዜ ነው። የጥላው ክፍል ዴቨሎፐር ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሆነውን ያህል ይሆናል፤ ብርሃን የበዛበት ክፍል ግን እስከ መጨረሻው መጥቆሩን ይቀጥላል። ጊዜው ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲያጥር ጥላው እምብዛም ሳይነካ የነጠላው ክር ይተርፋል።

ለከተራ ምሽት ወይም ለገና ሌሊት የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤችፒ5 ፕላስ 1600 ተብሎ ይነሣና አይዲ-11 በተባለው የኢልፎርድ ዴቨሎፐር ውሃ ሳይጨመርበት ለ14 ደቂቃ በ20 ዲግሪ ይታጠባል። ጥላው እንደሚጠፋ፣ ቅንጣቱም እንደሚጎላ አውቆ መግባት ነው፤ በጧፍ የበራ ፊት በጥቁር መደብ ላይ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይችላል።

ማወዳደሪያ ሙከራ

የሚወዳደሩት ፊልሞች ከሦስት ባይበልጡ ጥሩ ነው። ቦታው ነጭ ጨርቅ፣ የሰው ፊትና ጥቁር ነገር (ለምሳሌ ያረጀ የእንጨት በር) በአንድነት የሚታዩበት ይሁን፤ ካሜራው በማቆሚያ ላይ ይተከል። በእያንዳንዱ ፊልም ላይ በመጀመሪያ በሳጥኑ ልክ፣ ቀጥሎ አንድና ሁለት ስቶፕ አብዝቶ፣ በመጨረሻም አንድና ሁለት ስቶፕ ቀንሶ ይነሣል። ደመና ፀሐይዋን ከሸፈናት ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሦስቱም ፊልሞች አንድ ለአንድ በቀጠነ ዲ-76 በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይታጠባሉ። በዚህ ልክ ኢልፎርድ ከዲ-76 እምብዛም በማይለየው አይዲ-11 ለኤችፒ5 ፕላስ 13 ደቂቃ፣ ለኤፍፒ4 ፕላስ 11 ደቂቃ፣ ኮዳክ ደግሞ በዲ-76 ለትራይ-ኤክስ 9 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይሰጣሉ፤ ጊዜያቸው የተለያየ ስለሆነ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል በአንድ ታንክ ውስጥ አብረው መግባት የለባቸውም። በዚህ ሙከራ ላይ ቅድም ያልኩት የጊዜ ቅነሳ አይሠራበትም፤ መጀመሪያ አምራቹ የሚለውን ማየት ይቀድማል።

ዴቨሎፐር መምረጥ

ዲ-76 እ.ኤ.አ. በ1927 የተሠራ የኮዳክ ቀመር ሲሆን፣ የኢልፎርዱ አይዲ-11 ከእርሱ እምብዛም አይለይም። አንድ ሊትሩ ውስጥ 2 ግራም ሜቶል፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖንና 2 ግራም ቦራክስ አለ። ይህን ያህል የበዛው ሰልፋይት የቅንጣቱን ጠርዝ በትንሹ ስለሚያሟሟው ምስሉ ለስላሳ ይሆናል፤ በእኩል ውሃ ሲቀጥን የማሟሟት ኃይሉ ቀንሶ ጥርት ማለት ይጨምራል። ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ እስከ አፉ በተሞላ ጠርሙስ ስድስት ወር፣ በግማሽ ጠርሙስ ሁለት ወር ያህል ይቆያል። ሜቶል በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ ሽፍታ ያመጣልና ጓንት ማድረግ ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1891 የተጀመረው ሮዲናል ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱ ተከፍቶም ቢሆን ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ኬሚካል እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ብቻውን ተመራጭ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ለሃምሳ ሲቀጥን ለአንድ ፊልም 6 ሚሊ ሊትር በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ መለካቱም በትንሽ ሲሪንጅ ይሆናል። ቅንጣቱን ስለማያሟሟው ምስሉ ስል፣ ቅንጣቱም ጉልህ ይወጣል። ኤፍፒ4 ፕላስ በዚህ ልክ 15 ደቂቃ ታጥቦ የሚሰጠውን መልክ እጅግ እወደዋለሁ፤ 400 ፊልም ግን በሮዲናል ሲታጠብ ሰማዩ ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ማጠብ

ፊልሙን ከካሴቱ አውጥቶ በታንኩ መጠቅለያ ላይ ማስገባት ፍጹም ጨለማ ይፈልጋል፤ እነዚህ ፊልሞች ለሁሉም የብርሃን ቀለም ስስ ስለሆኑ ቀይ አምፖልም አይፈቀድም። ጨለማ ከረጢት ከሌለ መስኮት የሌለው ክፍል ከመሸ በኋላ ይበቃል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይተባበራል፣ ስልክ የሚያበራ ሰው በሩን ካልከፈተ በቀር። የፕላስቲክ መጠቅለያው በጣም የደረቀ መሆን አለበት፤ ጥቂት እርጥበት ካለው ፊልሙ መሐል ላይ ይነክሳል፣ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። አስቀድሞ በተበላሸ ፊልም በብርሃን፣ ከዚያም ዓይን ጨፍኖ መለማመድ ይገባል። የታንኩ ክዳን ከተዘጋ በኋላ የቀረው ሥራ በሙሉ በብርሃን ይሠራል።

ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻው ሙቀቱ ነው። ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ በጀሪካን ማጠራቀም የተለመደ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ይህ ይጠቅማል፤ ያደረ ውሃ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ሙቀቱም ከክፍሉ ጋር ይስተካከላል። በክረምት ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሊሆን ስለሚችል ሰፊ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ተሞልቶ የዴቨሎፐሩ፣ የፊክሰሩና የማለቅለቂያው ዕቃዎች ሁሉም እንዲቆሙበት ይደረጋል። በድሬዳዋ ወይም በበጋ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ሰው ችግሩ ግልባጩ ነው፤ ቧንቧው ራሱ ትኩስ ውሃ ስለሚያወርድ በሳፋው ውስጥ በላስቲክ የታሰረ በረዶ ይቀመጣል። ሃያ ዲግሪ ማድረስ ካልተቻለ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ጊዜውን በአንድ አሥረኛ ገደማ ማስተካከል ይቻላል፦ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ የነበረው በ22 ዲግሪ ወደ 10 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይወርዳል፣ በ18 ዲግሪ ወደ 15 ተኩል ይወጣል። የማጠቢያው ጊዜ ከ5 ደቂቃ በታች እንዲወርድ ግን አይፈቀድም፤ ዴቨሎፐሩ በፊልሙ ላይ እኩል ሳይዳረስ ጊዜው ያልቃልና።

ስለ ብርሃን መለካት ስናገር እንዳልኩት በ200 የተነሣ ኤችፒ5 ፕላስ እንውሰድ። 150 ሚሊ ሊትር ዲ-76 እና 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ተቀላቅሎ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ይደረጋል፤ ጊዜው 13 መሆኑ ቀርቶ 10 ደቂቃ ተኩል ነው። ፈሳሹ ሳይቆራረጥ በፍጥነት ከተገለበጠ በኋላ ታንኩ በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች አራት ጊዜ ይገለበጥና በጠረጴዛው ላይ መታ መታ ይደረጋል፤ አረፋ በፊልሙ ላይ ከተጣበቀ በቦታው ክብ ነጠብጣብ ይተዋልና። ከዚያ በየደቂቃው መነሻ ለ10 ሰከንድ አራት አራት ጊዜ በዝግታ ይገለበጣል። እንደ ሻይ ብርጭቆ ዝም ብሎ ማሽከርከር አይበቃም፤ ከላይ እስከ ታች መገልበጥ አለበት። ለቲ-ማክስና ለዴልታ ይህን ሥርዓት ከፊልም እስከ ፊልም ሳይለውጡ መጠበቅ በተለይ ያስፈልጋል።

ጊዜው ሊያልቅ 10 ሰከንድ ሲቀረው ዴቨሎፐሩ ይደፋል። አንድ ጊዜ የቀጠነ ዲ-76 ተመልሶ ወደ ጠርሙስ አይገባም። ቀጥሎ ስቶፕ ባዝ (የዴቨሎፐሩን ሥራ የሚያቆመው ፈሳሽ) ለ30 ሰከንድ፤ ከሌለ በውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ይበቃል።

ፊክሰሩ አንድ ለአራት የቀጠነ ፈጣን ፊክሰር ከሆነ ለቆየው ቤተሰብ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ለጠፍጣፋዎቹ ደግሞ ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይሰጠዋል። ፊክሰሩ መድከሙን ለማወቅ ፊልሙ ሲጫን ከጫፉ የተቆረጠችውን ቁራጭ ውስጡ ጥሎ ጥርት እስክትል መቁጠር ነው። ትክክለኛው የፊክሰር ጊዜ የዚያ ቢያንስ እጥፍ ነው፤ ቁራጯ በአዲሱ ፊክሰር ከፈጀባት ጊዜ እጥፍ ከፈጀባት ፊክሰሩ አልቋል። ያለቀው ፊክሰር ከፊልሙ የወጣ ብር ስላለበት በአትክልት ቦታ ወይም በጅረት ውስጥ አይደፋም።

ለመጨረሻው እጥበት ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም። ኢልፎርድ የሚመክረው ዘዴ ለውሃ እጥረት የተፈጠረ ይመስላል፦ ታንኩ በውሃ ይሞላና 5 ጊዜ ተገልብጦ ይደፋል፤ እንደገና ተሞልቶ 10 ጊዜ፣ በመጨረሻም 20 ጊዜ። በድምሩ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ የኖራ ነጠብጣብ ስለሚተው የመጨረሻው ማለቅለቂያ በተጣራ ውሃ (ዲስቲልድ ዋተር) ቢሆን ይመረጣል፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን መጠቀም የሚቻለው አሲድ ያልገባበት መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። እንደ ፎቶ-ፍሎ ያለ ማርጠቢያ አንድ ለሁለት መቶ ተቀላቅሎ ይጨመርበታል። ፊልሙ አቧራ በማይነሣበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከላይም ከታችም በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ይሰቀላል፤ እስኪደርቅ በሩ አይከፈት።

ነጌቲቩን ማንበብ

የደረቀውን ፊልም ከማተም በፊት ለማንበብ በመጀመሪያ ምስሉን ሳይሆን ጠርዙን ማየት ይገባል። በጠርዙ ላይ ያሉትን ቁጥሮችና የፊልሙን ስም ያስገባው በፋብሪካ የተሰጠው ብርሃን ስለሆነ ካሜራው በእነርሱ ላይ ሥልጣን የለውም። ፊደሎቹ የገረጡ ከሆኑ የጎደለው እጥበቱ ነው፤ ጊዜው አጥሯል፣ ውሃው ቀዝቅዟል ወይም ዴቨሎፐሩ አርጅቷል። ፊደሎቹ ጥቁር ሆነው ምስሉ ብቻ ከሳሳ ያነሰው ካሜራው ውስጥ የገባው ብርሃን ነው። ይህን ሳይለዩ ጊዜ መጨመር ነጠላውን ብቻ ያጠቁረዋል፣ ፊቱን አይመልሰውም።

ነጩ ክፍል ከልክ ማለፉን ለማወቅ አዲስ ዘመን ጋዜጣን በደንብ በበራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከነጌቲቩ እጅግ የጠቆረውን ቦታ፣ ማለትም ፀሐይ ያረፈበትን ነጠላ፣ በጽሑፉ ላይ ማስተኛት ነው። ፊደሉ እንደ ምንም የሚነበብ ከሆነ እጥበቱ ልኩን አግኝቷል። ፈጽሞ የማይታይ ከሆነ በሚቀጥለው ፊልም ላይ ጊዜው አሥር በመቶ ይቀነስ፤ በቀላሉ የሚነበብ ከሆነ በዚያው መጠን ይጨመር። የማወዳደሪያው ሦስት ፊልሞችም በዚህ መንገድ ጎን ለጎን ይታያሉ፦ በመጀመሪያ የበሩ እንጨት ስንጥቅ በየትኛው ፊልም በስንተኛው ፎቶ ላይ መታየት እንደጀመረ፣ ቀጥሎ ጥለቱ ከነጩ ጥጥ የሚለይበት የመጨረሻው ፎቶ የትኛው እንደሆነ ይመዘገባል። በሁለቱ መካከል ያሉት ፎቶዎች ብዛት የፊልሙ ትዕግሥት መለኪያ ነው፤ ፎማፓን 400 በዚህ ሙከራ ጥላውን ለማሳየት ከኤችፒ5 ፕላስ ይልቅ ተጨማሪ ብርሃን እንደሚፈልግ በግልጽ ይታያል።

ፊልሙ ስድስት ስድስት ፎቶ እየሆነ ተቆርጦ በነጌቲቭ መያዣ ውስጥ ይገባል። በመያዣው ራስ ላይ የፊልሙ ስም፣ የተነሣበት ቁጥር፣ የዴቨሎፐሩ ስምና ቅጥነት፣ ሙቀቱና ደቂቃው በእርሳስ ይጻፍ።